14 ሰው ነን፤ ለሐይቅ ሽርሽር የትኛውን ጀልባ እንከራይ?

ጀማሪ_ቀዛፊ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ጣጣ ውስጥ ገብቻለሁና እርዱኝ። ቤተሰብና ጓደኛ ተደባልቀን 14 ሰው ነን፤ በሚቀጥለው ወር አንድ ቅዳሜ ሐይቅ ላይ ልንውል ነው። «ጀልባውን ለኔ ተዉት» ብዬ አፌን ስለከፈትኩ አሁን ሁሉም እኔን ነው የሚጨቀጭቀው።

ማን ማን እንዳለ ልንገራችሁ። አያቴ አሉ፣ 74 ዓመታቸው ነው፣ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ሦስት ልጆች አሉ፤ የ4፣ የ7 እና የ11 ዓመት። ዋና ጭራሽ የማንችል አምስት ነን (አዎ፣ አንዱ እኔ ነኝ፣ አትሳቁ)። ሦስት ጎረምሶች ደግሞ «ጄት ስኪ (የውሃ ሞተር ሳይክል) ከሌለ አንመጣም» ብለው አድመዋል። የቀረው ሰው የመጣውን ይቀበላል።

አከራዩ ጋ ያለው፦ 12 ሰው የሚይዝ ትልቅ ፖንቱን (ጠፍጣፋ ወለል ያለው የሞተር ጀልባ)፣ 10 ሰው የሚይዙ አነስ ያሉ ፖንቱኖች፣ የአንድ ሰውና የሁለት ሰው ካያክ (በመቅዘፊያ የሚሄድ ጠባብ ጀልባ)፣ የፔዳል ጀልባ፣ ፓድል ቦርድ (ቆመው የሚቀዝፉበት ሰሌዳ)፣ ጄት ስኪ። የምንቆየው 5 ሰዓት ያህል ነው። የሞተር ጀልባ ነድቼ አላውቅም።

ሁለት ነገር አስቤያለሁ። ወይ ለሁሉም ካያክ፣ ፎቶውም ያምራል። ወይ ደግሞ ትልቁን ፖንቱን ወስደን 14ታችንም እዚያው መጠቅጠቅ። ልጆቹ ትንንሽ ስለሆኑ ሁለት ሰው ቢተርፍ ችግር የለውም አይደል?

የውሃ_ዳር_ሰው፦
ችግር አለው። እሱን ሐሳብ እርሳው።

ልጅም ሰው ነው። የ4 ዓመቱም አንድ ራስ ነው። «12 ሰው» ሲባል ደግሞ ነጂውን ጨምሮ ነው። አንተ መንዳት ስለማትችል ነጂ ቀጥረህ ብትሄድ 15 ሆናችሁ ማለት ነው። ብዙ ሰው ይቺን ይረሳታል፤ ጠዋት መቆሚያው ላይ ደርሶ ማን ይቅር ማን ይሂድ ሲባል ነው ጠቡ የሚነሳው።

ጀልባው ላይ፣ ብዙ ጊዜ ከመሪው አጠገብ፣ የተለጠፈች ትንሽ ሰሌዳ አለች። እሷን አንብባት። ስንት ሰው እና ስንት ኪሎ ይላል። ቀድሞ የሞላው እሱ ነው ልክህ። በአውሮፓ ደረጃ ሲሠራ አንድ አዋቂ ሰው 75 ኪሎ ተብሎ ነው የሚታሰበው፤ 12 ሰው 900 ኪሎ ማለት ነው። የኔን አጎቶች ቦርጭ ያየ ሰው ያወጣው ቁጥር አይመስለኝም። በዚያ ላይ ቦርሳው አለ፣ ውሃው አለ፣ በረዶ የሞላው ሳጥን አለ፣ ሁሌም አንድ ሰው የሚያመጣው ያ ትልቅ ስፒከር አለ።

12 ከየት መጣ ብትለኝ፣ ሶላስ በሚባለው ዓለም አቀፍ የባሕር ደኅንነት ስምምነት ከ12 በላይ መንገደኛ የሚጭን «የመንገደኛ መርከብ» ይባላል፣ ጥብቅ ደንብም ይመጣበታል። የሐይቅ ሕግ እንደየአገሩ ቢለያይም ይቺ ቁጥር ብዙ ቦታ ብቅ ትላለች። ስለዚህ «ትንሽ ተለቅ ያለ የለም?» እያልክ ብዙ አትድከም።

ሞተረኛ፦
አቦ ልጁን አታስፈራሩት። ሁለት ጄት ስኪ ለጎረምሶቹ፣ ለቀሩት የፔዳል ጀልባ፣ አለቀ። ጄት ስኪ እንደ ሞተር ሳይክል ነው፣ አምስት ደቂቃ ካሳዩህ ትነዳዋለህ።

ሁለት_መቅዘፊያ፦
@ሞተረኛ ወንድሜ፣ ሞተር ሳይክል ጋዙን ብትለቅም መሪው ይሠራል። ጄት ስኪ የሚታጠፈው ከኋላው በሚተፋው ውሃ ነው። ጋዙን ስትለቅ ውሃው ይቆማል፤ ያኔ መሪውን እስኪሰበር ብታዞረው እሱ እቴ፣ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ጀማሪ ሲደነግጥ የመጀመሪያ ሥራው ምንድን ነው? ጋዝ መልቀቅ። ስለዚህ ወደ ፈራው ነገር ቀጥ ብሎ ይገባል። አዳዲሶቹ ላይ ለዚህ የሚያግዝ ነገር ተገጥሟል፤ የሚሰጥህ የትኛው እንደሆነ ግን ሳታይ አታውቅም። ደግሞ የጎረምሶቹን ዕድሜ ጠይቁ፤ ብዙ ቦታ ከ16 ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሰጥም።

ወደ ካያኩ ልምጣ። ካያክ ነፍሴ ነው፤ ግን ለዚህ ቡድን አይሆንም። አንድ ጊዜ ዘጠኝ ሆነን ወጣን፣ እያንዳንዳችን በየካያካችን። ከግማሽ ሰዓት በኋላ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ሰው አይተያዩም ነበር። ቡድን የሚሄደው በዘገምተኛው ሰው ፍጥነት ነው፤ ፈጣኖቹ ደግሞ መጠበቅ አይወዱም። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ተነሳ። ደህና ቀዛፊ በረጋ ውሃ በሰዓት 5 ኪሎሜትር ያህል ነው የሚሄደው፤ ነፋስ ፊት ለፊት ሲመጣበት ግማሹም አይደርስ። አንዷ እህታችን ተገለበጠች። ላይፍ ጃኬት ነበራት፣ አልሰጠመችም። ተመልሳ መውጣት ግን አቃታት። ካያኩ ውሃ ሞልቶ እንደ ገንዳ ሆኗል፣ ክንዷ ዝሏል፣ እኛ ሁለት ሰዎች ከግራና ከቀኝ ይዘን 20 ደቂቃ ስንታገል ነበር። ዋና የማይችል ሰው ቢሆን ብዬ ሳስብ ዛሬም ይጨንቀኛል።

ካያክ ካማራችሁ የሁለት ሰው ውሰዱ፣ ከላይ የሚቀመጡበትን ዓይነት። እሱ ወለሉ ላይ ቀዳዳ ስላለው የገባበት ውሃ ራሱ ይወርዳል፤ ብትወድቅም እንደ አልጋ ተንፏቀህ ትወጣበታለህ። ከዋናተኛ ጋር፣ ከዳር ሳይርቁ።

ጀማሪ_ቀዛፊ፦
እሺ፣ ካያክ ለሁሉም የሚለው ቀረ። አሁን ያሰብኩት፦ ባለ 12ቱ ፖንቱን + አንድ የሁለት ሰው ካያክ። ሁለት ሰው ሁሌ ካያክ ላይ ይሆናል፣ ተራ በተራ። 12 + 2 = 14። ጎበዝ አይደለሁም?

የውሃ_ዳር_ሰው፦
ሒሳቡ ያምራል፤ ነጂውን ግን አሁንም አልቆጠርከውም። ቆጥረኸው ቢሆን እንኳ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ነፋስ ተነስቶ ካያክ ላይ ያሉት ሁለቱ ቢደክማቸው የት ነው የምታወጣቸው? ጀልባው ሞልቷል። ከትልቁ ጀልባ ጋር ትንሽ ነገር ስትወስድ የትንሹ ሰዎች መቀመጫ ትልቁ ላይ ባዶ ሆኖ መጠበቅ አለበት። እሱ ካልሆነ ወጣቶቹን ሐይቅ ላይ በትነህ ጸሎት ላይ ነህ ማለት ነው።

እኔ ብሆን ባለ 10ሮቹን ሁለት እወስዳለሁ። ሁለት ነጂ ብትቀጥር እንኳ 16 ሰው በ20 ቦታ። ሰው እግሩን ይዘረጋል፣ ዕቃው ይገባል፣ የአንዱ ሞተር ቢያስቸግር ሌላው አጠገቡ አለ። ለልጆችና ለአያትህም አንዱ ጀልባ ጸጥ ያለ ይሆናል፤ ጩኸቱ በሌላው ይሂድ።

ድንገቴ፦
በየትኛው ጀልባ ማን ይገባል የሚለውን ግን ጀልባው ከመከራየቱ በፊት ጨርሱት። የሠርግ መኪና ድልድል አስታወሳችሁኝ 😂

ታዛቢ፦
ፖንቱን ለማታውቁ፦ ከታች ሁለት ወይም ሦስት ረጃጅም የአሉሚኒየም ቱቦ፣ ከላይ እንደ በረንዳ ጠፍጣፋ ወለል፣ ዙሪያውን አጥርና መቀመጫ። ጉልበቱን ለሚያመው ሰው እንደሱ የለም፤ ከመቆሚያው በቀጥታ ተራምደህ ነው የምትገባው። ብዙዎቹ ላይ ጥላም አለ።

ግን አይገለበጥም ብላችሁ አትዝናኑ። አምና አሥር ሆነን ተከራየን፣ ቁጥራችን ሰሌዳው ላይ ካለው በታች ነበር። መሃል ሐይቅ ላይ አንዷ «ኑ ኑ ፎቶ!» አለች። ሁሉም ግር ብሎ ወደ ፊት። ልክ በዚያች ሰዓት የአክስቴ ልጅ ጀልባውን ሊያቆም ብሎ ጋዙን በአንዴ መለሰው። አፍንጫው ዝቅ አለ፣ ከኋላ የመጣው የራሳችን ሞገድ ገፋን፣ ውሃው በፊተኛው በር ሥር ገብቶ ወለሉን ጠርጎት ሄደ። ከቁርጭምጭሚት አላለፈም፣ ሦስት ሰከንድ ቢሆን ነው። ግን ዘጠኝ ሰው ባንዴ ጸጥ ሲል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ከዚያ ጫማው ሁሉ እየተንሳፈፈ ወደ ኋላ መጣ። የአንዱ ነጠላ ጫማ ግራ እግር እስካሁን ሐይቁ ውስጥ ነው።

አሁን ሁሌ ለነጂው እነግረዋለሁ፦ ሰው ሳይቀመጥ አትነሳ፣ ፊት ላይ ሰው እያለ ጋዙን በአንዴ አትመልስ። ፎቶ የሚነሱትም ሲቆም፣ መሃል ላይ ሆነው።

ባትሪ_ሙሉ፦
የኤሌክትሪክ ጀልባም ካላቸው ጠይቅ። ድምፅ የለውም፣ ሽታ የለውም፣ ለአዛውንትና ለሕፃን ግሩም ነው። ብልሃቱ ቀስ ማለት ነው። ውሃ እየገፋ በሚሄድ ጀልባ ፍጥነቱን እጥፍ ላድርገው ስትል የሚበላው ኃይል ወደ ስምንት እጥፍ ይጠጋል። አምስት ሰዓት ይቆያል ያሉህ ባትሪ እስከ መጨረሻው ከጨመርከው በጊዜ ነው የሚያልቅብህ። የነዳጅም ቢሆን የድሮ ባሕረኞች ሲሶ መሄጃ፣ ሲሶ መመለሻ፣ ሲሶ መጠባበቂያ ይላሉ፤ ለባትሪም ይሠራል።

ነርሷ፦
ማንም ስለ ላይፍ ጃኬት በደንብ አላወራም፣ እኔ ላውራ።

«ጃኬት አለ» ሲሉህ አትመን፣ ልክ ጠይቅ። ውስጡ ቁጥር ተጽፎበታል፤ 50፣ 100፣ 150 ኒውተን (የማንሳፈፍ ኃይሉ መለኪያ) እያለ። ባለ 50ው ለዋናተኛ ነው፣ መንሳፈፍ ያግዛል እንጂ ራሱን የሳተ ሰው ፊቱን ወደ ላይ አያዞርም። ዋና ለማትችሉት አምስታችሁና ለልጆቹ ከ100 በታች አትቀበል። የልጅ ጃኬት በእግር መሃል የሚያልፍ ማሰሪያ ይኑረው። ካሰርክለት በኋላ ከትከሻው ላይ ይዘህ ወደ ላይ ሳብ አድርገው። ጃኬቱ ጆሮው ጋ ከደረሰ ትልቅ ነው፤ ውሃ ውስጥ ልጁ ከሥር ያመልጣል። «ያድግበታል» የሚባለው ለዩኒፎርም ነው።

ሁለተኛ፣ ሞተር። ሰው ሊዋኝ ሲገባም ሲወጣም ሞተሩ ይጠፋል፤ ገለልተኛ ማርሽ ላይ ማድረግ አይበቃም። ፕሮፔለሩ (ውሃ ውስጥ የሚሽከረከረው የሞተሩ ስለት) ያለው መሰላሉ ጎን ነው። ሌላው የማይታየው ነገር ጭሱ ነው። ሞተሩ እየሠራ ከኋላ ጫፍ ላይ እግር ውሃ ውስጥ ነክሮ መቀመጥ ደስ ይላል፣ ግን ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው መርዛማ ጋዝ የሚጠራቀመው እዚያ ነው። ሽታም ቀለምም የለውም። ልጁ ራሴን አመመኝ ሲል ፀሐይ ነው ብለው ያልፉታል።

ሦስተኛ፣ ቅዝቃዜው። አየሩ ሞቃት ስለሆነ ውሃው ሞቃት ነው ማለት አይደለም። ጎርደን ጊስብረክት የሚባሉ የካናዳ ተመራማሪ 1-10-1 ብለው አሳጥረውታል። በጣም ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ድንገት ስትወድቅ ትንፋሽህን እስክትቆጣጠር 1 ደቂቃ፣ እጅና እግርህ የሚታዘዙህ 10 ደቂቃ፣ ራስህን እስክትስት ወደ 1 ሰዓት። ስለዚህ በመጀመሪያዋ ደቂቃ መታገል ሳይሆን መንሳፈፍና መተንፈስ ነው። ጃኬቱ ለዚያች ደቂቃ ነው፤ መቀመጫ ሥር ከሆነ የለም በለው።

ሞተረኛ፦
እሺ እሺ፣ ተሸነፍኩ። ግን ጎረምሶቹን ዝም ብላችሁ አታስቀይሟቸው፣ ቀኑን ሙሉ ፊታቸውን ያጠቁሩባችኋል። ብዙ ቦታ በተከለለ የውሃ ክልል ውስጥ ከአስተማሪ ጋር ግማሽ ሰዓት ይነዳል። ቀኑን ሙሉ ከመከራየት ይቀላል፤ እውነቱን ለመናገር ደግሞ ከ40 ደቂቃ በኋላ ክንድ ያልቃል። በፖንቱን ሰው የሚቀመጥበት ተንሳፋፊ ጎማ እንጎትታለን እንዳይሉህ ብቻ፤ ትንሽ ሞተር ያለው አይጎትትም፣ አከራዩም ብዙ ጊዜ ይከለክላል።

ኪስ_ጠባቂ፦
እኔ ደግሞ ስለ ውሉ። አንድ ጊዜ ስንመለስ ሰውዬው ጎንበስ ብሎ ፕሮፔለሩን አየና «ይቺ ጠርዝ ተጎድታለች» አለ። ድንጋይ ነክተን አናውቅም። ግን ጠዋት ማን አይቷታል? ማንም። ለመያዣ ያስቀመጥነው ገንዘብ እዚያው ቀረ። ከዚያ ወዲህ ሳልነሳ በፊት አከራዩ አጠገቤ ቆሞ ቪዲዮ እቀርጻለሁ፦ ሁለቱን ጎን፣ ወንበሮቹን፣ የጥላውን ብረት፣ የነዳጅ መለኪያውን፣ ሞተሩን ከውሃው ከፍ አስደርጌ ፕሮፔለሩን። ሁለት ደቂቃ ነው።

ጠይቅ፦ ነዳጅ በማን ነው? ስንዘገይ የሚቆጠረው በደቂቃ ነው በሙሉ ሰዓት? አየሩ ቢበላሽ ገንዘቡ ይመለሳል ወይስ ሌላ ቀን ይሰጣል? ደግሞ «ቢበላሽ» የሚለውን ማን ነው የሚወስነው፣ አንተ ወይስ እሱ? ነጂ ካልቀጠርክ ፈቃድ ያስፈልጋል ወይ? ይሄ በአገሩና በሞተሩ ጉልበት ይለያያል፤ አከራዩ «ግዴለም» ቢልህም ተጠያቂው መሪውን የያዘው ነው።

ሁለት_መቅዘፊያ፦
ሰዓቱን ረሳነው። ጠዋት ውጡ። ፀሐዩ መሬቱን ሲያሞቀው ከሰዓት በኋላ ነፋስ ከሐይቁ ወደ ዳር መንፈስ ይጀምራል፤ ጠዋት እንደ መስታወት የነበረው ውሃ 8 ሰዓት ላይ ሌላ ሐይቅ ነው። የሞገዱ ጫፍ እዚህም እዚያም ነጭ ሲሆን ካየህ ካያኩ ይሰብሰብ። የአውሮፓ ምልክት ያለው ጀልባ ላይ ዲ የሚል ፊደል ካለ እስከ 30 ሳንቲሜትር ሞገድ ድረስ ነው የታሰበው፣ ሲ ከሆነ እስከ 2 ሜትር። ነጎድጓድ ከሰማችሁ ወደ ዳር፤ የመጨረሻው ድምፅ ከተሰማ 30 ደቂቃ ሳይሞላም አትመለሱ።

ጀማሪ_ቀዛፊ፦
ተመልሻለሁ! ቅዳሜ ሄድን። እንዴት እንደነበር ልንገራችሁ።

ሁለት ባለ 10 ፖንቱን፣ አንድ የሁለት ሰው ካያክ። አንዱን የቀጠርነው ነጂ፣ ሌላውን ፈቃድ ያላቸው አጎቴ ነዱት። 8 እና 7 ሆነን። ጠዋት 3 ሰዓት ወጣን። ለጎረምሶቹ መጀመሪያ ግማሽ ሰዓት ጄት ስኪ ከአስተማሪ ጋር፤ ሲወጡ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ከዚያ በኋላ ስሙንም አላነሱትም።

ለ4 ዓመቱ ልጅ የሰጡንን ጃኬት @ነርሷ እንዳለችው ከትከሻው ሳብ ሳደርገው ሙሉ ፊቱ ውስጡ ገባ። ልጁ ጨዋታ መስሎት «ድገመው» ይላል። ሌላ አምጡ ስል ሠራተኛው ደስ አላለውም፣ ግን ከኋላ ክፍል ትንሽ ልክ ተገኘች። ሳልጠይቅ ኖሮ እዚያው ተሰቅላ ትውል ነበር።

6 ሰዓት ተኩል ላይ ነጭ ነጩ መታየት ጀመረ። ካያክ ላይ የነበሩት ወንድሜና እጮኛው ናቸው፤ ለመመለስ ሲቀዝፉ እያየናቸው እዚያው ነበሩ። እኛ ወደነሱ ሄድን፣ ሞተሩ ጠፋ፣ ወጡ፣ ካያኩን ወለሉ ላይ ጎተትነው። ቦታ ነበራ! @የውሃ_ዳር_ሰው በዚያች ደቂቃ ስምህን ጠርቻለሁ። አምስት ሰዓቱን አልጨረስንም፣ 7 ሰዓት ላይ ዳር ነበርን፣ ማንም አላዘነም።

ቪዲዮው አላስፈለገም፤ ሰውዬው ስልኬን እያየ ዙሪያውን ዞሮ «ሰላም ነው» አለ።

አያቴ ግን ጸጥ ባለው ጀልባ አልገቡም። የጎረምሶቹን መርጠው ከነጂው አጠገብ ተቀመጡና አጎቴን ካልቀደምክ አሉት። ነጂው ሳቀ እንጂ አልጨመረም። አሁን ለሚቀጥለው ዓመት ዘመድ እየጠሩ ነው፤ እስከ ትናንት 19 ደርሰናል።

የውሃ_ዳር_ሰው፦
ነጂዎቹን ቆጥረሃል?